ከአገጭ በላይ አይውጣ

ሐምሌ፣ ማታ

ለሞተር ብስክሌት ተነቃይ የፊት መስታወት፣ ማለትም ነፋስና ዝናብ የሚከላከለውን ፕላስቲክ ፍለጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ገበያ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ውፍረቱን በጣቱ ይዳስሳል። ቁመቱን የሚለካ ጥቂት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ይኸው ቁመት ነው። የመኪና መስታወት ዝናብ መጥረጊያ አለው፤ የሞተር የለውም። አመሻሽ ላይ ካፊያ ውስጥ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ሲወረድ፣ መስታወቱ ላይ የቀረች እያንዳንዷ ጠብታ የመጪውን መኪና መብራት ትበትናለች፤ ጉድጓዱ ይጠፋል። ስለዚህ መንገዱ መታየት ያለበት በመስታወቱ ውስጥ ሳይሆን ከጫፉ በላይ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚመከረው ጫፉ አፍንጫ ላይ እንዲደርስ ነው። ለረጅም መንገድ ይሁን፤ ለመሃል ከተማ ግን ይበዛል እላለሁ። ዐይን ከመሬት 150 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ መስታወቱ ከዐይን 60 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይቁም እንበል። ጫፉ አፍንጫ አካባቢ ሆኖ ከዐይን 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ካለ፣ ከበላዩ አስፋልቱ መታየት የሚጀምረው 18 ሜትር ላይ ነው። አገጭ አካባቢ ወርዶ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ግን 9 ሜትር ላይ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በሰከንድ 11 ሜትር ይበላል፤ የተከፈተ የፍሳሽ ጉድጓድ ለሚሸሽ ሰው ያቺ 9 ሜትር ትልቅ ናት። አገጭ ላይ ይብቃው።

ልኬቱ በካርቶን ይሠራል። ሄልሜት አድርጎ እንደወትሮው መቀመጥ፤ ሌላ ሰው ካርቶኑን መስታወቱ በሚቆምበት ቦታ፣ በሚያዘነብልበት ልክ ይያዝ፤ አገጭ ላይ ምልክት ይደረግ።

«ተነቃይ» የሚባለውም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መያዣው ሞተሩ ላይ ይቀራል፤ መስታወቱ ብቻ ተላቆ ይወጣል። ሌላው አራት ማሰሪያ ያለው፣ በየቀኑ ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) የሚጠይቅ ነው። መቆሚያ ላይ አውልቆ ይዞ መግባት ለሚፈልግ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ተገጥሞ ሲነቀነቅ ግን ክፍተት ካለው ይቅር፣ ኮብልስቶን ላይ ያንኳኳል፣ ቀዳዳውንም ያሰፋል።

የማሰሪያው ልክ በዐይን አይታመንም። የትንንሽ ሞተሮች መሪ አብዛኛውን ጊዜ 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ 25.4 የሆነም አለ። በካሊፐር (ውፍረት በሚሊ ሜትር በሚለካው መሣሪያ) ይለካ። ለ25.4 የተሠራው 22 ላይ ቢጠብቅም ይዞራል፤ መሃሉ ላይ የጎማ ሽፋን ይፈልጋል።

ፕላስቲኩ ፖሊካርቦኔት ቢሆን እመርጣለሁ፤ አክሪሊክ ጠጠር ሲመታው ይሰነጠቃል። ፖሊካርቦኔትም ጠላት አለው። ቤንዚን በነካው ጨርቅ ከተወለወለ እንደ ሸረሪት ድር በቀጫጭን ስንጥቅ ይሞላል፤ አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ያበላሸዋል። ቡሎን እንዳይላላ የሚቀባው ማጣበቂያ ሲነካው ደግሞ ስንጥቁ ከቀዳዳው ይጀምራል። አቧራው መጀመሪያ በውሃ ይውረድ፣ ከዚያ ለስላሳ ሳሙናና የጥጥ ጨርቅ። ቀዳዳው ከቡሎኑ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይስፋ፤ ፕላስቲኩ በፀሐይ ይለጠጣልና። በሁለቱም በኩል የጎማ ሮንዴላ (ከቡሎን ሥር የሚገባው ቀለበት) ገብቶ፣ ጎማው ትንሽ እስኪጨመቅ ብቻ ይጥበቅ።

ከተገጠመ በኋላ ሞተር ብስክሌቱ በቆመበት ተነስቶ መሪው እስከ ዳር ግራና ቀኝ ይዙር። መስታወቱ የነዳጅ ታንከሩን መንካት የለበትም። ሲዞር የሞተሩ ድምፅ ከጨመረ የነዳጅ መስጫው ገመድ ተወጥሯል፤ ማሰሪያው ይፈታና ገመዱ በሌላ በኩል ይለፍ።