ማሸከሚያው የት አለ?

ባለፈው መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ያለች መንደር የውኃ ቦኖ ልንሠራ ሄድን። ዲዛይኑን ከነዋሪው ጋር አብረን እናወጣለን ተባብለን ነበር። እኔ ግን ኮምፒዩተር ላይ ጨርሼው፣ በትልቅ ወረቀት አሳትሜው ነው የሄድኩት።

ብርዱ ለጉድ ነው። ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ፣ ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። አንድ ሽማግሌ ተነሡና "መልካም ነው፣ እግዜር ይስጣችሁ" አሉ። በቃ፣ አለቀ! ከዚያ በኋላ የተናገረ ሁሉ እሳቸውን ነው የደገመው። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ "በሙሉ ድምፅ" ብዬ ጻፍኩ።

ጉዱ የወጣው ቡና ላይ ነው። አንዲት እናት ስኒ እያቀበሉኝ "ልጄ፣ ማሸከሚያ የለውም እኮ" አሉኝ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ያልፋል። መንገዱ አይደለም የሚከብደው፣ ከመሬት አንሥቶ ጀርባ ላይ ማውጣቱ ነው፤ አሸካሚ ከሌለ ሰው እስኪመጣ ቆሞ መጠበቅ ነው። የድንጋይ መደብ ቢኖር ግን ጀርባን ሰጥቶ፣ ገመዱን ደረት ላይ አስሮ መነሣት ብቻ። ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን ዝም አሉ? "ተስሎ ካለቀ በኋላ? ደግሞ እሳቸው መልካም ነው ብለው!"

ይሄ የገጠር ጣጣ እንዳይመስላችሁ። እኛ ቢሮም አለቃው እርሳስ ሲያነሣ የሌላው እርሳስ ይቀመጣል። ሰሎሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎችን የመስመር ርዝመት አስለክቶ ነበር። ሌሎቹ ተመካክረው ሆን ብለው ሲሳሳቱ፣ ምንም የማያውቀው ተማሪ ሲሦ ያህሉን ጊዜ አብሯቸው ተሳስቷል። እነዚያ እንኳ እምብዛም የማይተዋወቁ ናቸው። እዚህ የምትቃወመው ሰው የልጅህ ክርስትና አባት ነው፣ ወይ የዕድርህ ዳኛ፣ ወይ ለእርሻ በሬ የምትለምነው ጎረቤትህ። ዝም ብትል ይፈረድብሃል?

መንዞች መመካከር አያውቁም የሚል ካለ ደግሞ እዚያው መንዝ ያለውን የጓሳን የሣር መሬት ሄዶ ይይ። ሣሩን በራሳቸው ደንብ እየዘጉና እየከፈቱ ከ400 ዓመት በላይ ጠብቀውታል፣ ያለ እኛ ወረቀት።

በማግስቱ ወረቀቱን መኪና ውስጥ ተውኩት። ገመድ ዘረጋሁ፣ ድንጋይ ደረደርኩ፣ ጀሪካን አስቀመጥኩ። መጀመሪያ ሁሉም አየኝ። ከዚያ አንዲት ልጅ "በዚህ እኮ ከብት ነው የሚያልፈው" ብላ ድንጋዩን ገፋችው። ይኼኔ ሁሉም ተነሣ፣ አንዱ ያነሣል፣ አንዱ ይመልሳል፣ ጫጫታ ሆነ። እኚያ እናት ጀሪካኑን ሞልተው ክምሩ ላይ አስደገፉ። ከፍ አለባቸው። አንድ ድንጋይ አወረድን፣ ልክ መጣ። ለካሁት፣ 75 ሳንቲም።

ሽማግሌውን ጠጋ ብዬ "አባባ፣ ትናንት መልካም ነው ብለውኝ አልነበር?" አልኳቸው።

"ወረቀቱን መቼ ለይቼው ልጄ? በዚህ ብርድ ስለ መጣችሁ ነው ያመሰገንኩ።"