ኖር! በእግዜር!

ሴፍቲ ቤልቱ ላይ የተሰፋችው ጨርቅ 2012 ትላለች።

«ይሄ ነገር ጊዜው አላለፈበትም?» አልኩት ሻጩን።

«በኛ አቆጣጠር እኮ ነው» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ዕቃው የተሠራው ቻይና ነው። ቻይኖች መቼ በኛ አቆጣጠር መጻፍ እንደጀመሩ እሱና ፈጣሪ ይወቁ። ብዙ አምራቾች እንዲህ ያለውን የጨርቅ ማሰሪያ፣ ምንም ያልተነካ ቢመስል እንኳ፣ ከተሠራ 10 ዓመት ካለፈው ጣሉት ይላሉ። በፈረንጅ ከቆጠርነው መጣል ነበረበት። በኛ ከቆጠርነው ገና ጎረምሳ ነው። እኔ ደግሞ መርካቶ ድረስ ሄጄ ባዶ እጄን መመለስ አልወድም። ገዛሁት።

ሥራዬ ዛፍ መከርከም ነው፤ ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ። ጣራ ላይ የተጋደመ ቅርንጫፍ፣ አጥር ላይ ያዘነበለ ባሕር ዛፍ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ያጣላ የፈረንጅ ጥድ ካለ የምጠራው እኔ ነኝ። ለዓመታት የወጣሁት በገመድና በጸሎት ነበር። ባለቤቴ «ወይ ቀበቶ ግዛ፣ ወይ ሥራ ቀይር» ስትለኝ ነው ነገሩ ውስጥ የገባሁት። ስገባ ደግሞ ሦስት ዓይነት ባንዴ እጄ ገባ።

አንዱ ይሄ ባለ 2012ቱ ነው። ሕንፃ ላይ የሚሠሩ ልጆች የሚያጠልቁት፣ ትከሻና ጭን የሚያስር፣ ጀርባው ላይ ቀለበት ያለው።

ሌላው የወገብ ቀበቶ ነው። የመብራት ምሰሶ ላይ ይወጣ የነበረ ወዳጄ ነው ያዋሰኝ። ወፍራም ጠፍር፣ ግራና ቀኝ ቀለበት። ምሰሶውን በማሰሪያው አቅፈህ ወደ ኋላ ደገፍ ስትል ሁለቱም እጅህ ነጻ ይሆናል። ለምሰሶ የሚያህለው የለም። ዛፍ ግን ምሰሶ አይደለም፤ ቅርንጫፍ አለው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጋ ስትደርስ ማሰሪያውን ፈትተህ ከበላዩ መልሰህ ታስራለህ። በፈታህባት ቅጽበት የያዘህ ነገር የለም። ብትወድቅ ደግሞ ቀበቶው ወደ ጎድን አጥንትህ ነው የሚሸሸው። ወዳጄ ይሄን ሲነግረኝ ይስቅ ነበር። ምኑ እንዳሳቀው እስካሁን አልገባኝም።

የመጨረሻው፣ ጀርመን ያለ የአክስቴ ልጅ የላከልኝ፣ ለዛፍ ሥራ ተብሎ የተሰፋ ነው። ስለሱ ኋላ እመለስበታለሁ። አሁን ከጀመርኩ ሌላውን ሁሉ እረሳለሁ።

እንግዲህ ማንኛውንም አዲስ ማሰሪያ ዛፍ ጫፍ ላይ አትሞክረውም። መጀመሪያ ዝቅ ያለ ቦታ ትንጠለጠልበታለህ። የት እንደሚቆርጥህ፣ ዘለበቱ ይንሸራተት እንደሆነ፣ እጅህ ቀለበቱ ጋ ይደርስ እንደሆነ ታያለህ። እኔም ይሄንኑ ላደርግ እትዬ ግቢ ሄድኩ። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ወጥ ቤታቸው ጣራ ላይ አንድ ትልቅ የጥድ ቅርንጫፍ ተኝቷል፤ እሱን ልቆርጥ ተነጋግረናል።

ቀኑ ሚካኤል ነው።

«በሚካኤል ዛፍ ላይ የሚንጠለጠል ጤነኛ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ እትዬ።

«መጋዝ አልነካም እትዬ። ሥራ አይደለም፣ ልምምድ ነው።»

«እሱን ለሚካኤል ንገረው።»

ረዳቴ መሰላሉን አስደገፈልኝ። ትንሽ ወጣሁ፣ ገመዱን ከጀርባዬ ቀለበት ጋር አያያዘ፣ መሰላሉን ለቀቅኩ። እግሬና መሬት መካከል ያለው ክፍተት ሁለት ስንዝር አይሞላም። ይቺን ሁለት ስንዝር ያዙልኝ። ልክ በዚህ ጊዜ ጎረቤት በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «መሰላሏን አንዴ፣ ዲሽ ላስተካክል» አለ። ረዳቴ ለሰው እምቢ ማለት አያውቅም፤ ለኔ ነው የሚያውቀው። «መጣሁ ጋሼ» ብሎ ከነመሰላሉ ሄደ።

ከጀርባ የሚይዝ ሴፍቲ ቤልት የተሠራው የሚወድቅን ሰው ለመያዝ ነው። ተቀምጦ ለመሥራት አይደለም። መለያው ላይ በአውሮፓ የደረጃ ቁጥር ይጻፋል፤ ኢኤን 361 መውደቅን የሚይዝ፣ ኢኤን 358 ደገፍ ተብሎ የሚሠራበት፣ ኢኤን 813 ደግሞ እንደ መቀመጫ የሚንጠለጠሉበት። የኔ ላይ ያለችው 361 ብቻ ናት። ደረቴ ወደ ፊት፣ እግሬ ወደ ኋላ ሆኖ እንደ ቋንጣ ተሰቀልኩ። ማያያዣው ጀርባዬ ላይ ነው። እጄ አይደርስበትም።

ይሄ ባልከፋ። ክፉው ገመዱ ነው። ጭነት የምናስርበት የተገመደ ናይለን ነበር። እንዲህ ያለ ገመድ ክብደት ሲያርፍበት ግምዱ ይላላል፤ ሲላላ የተሸከመውን ያዞራል። ለዛፍ ሥራ የሚመረተው ገመድ ተጎንጉኖ የሚሠራው አንድም እንዲህ እንዳይሆን ነው።

ከዛፉ ትይዩ መደብ ላይ እንግዶች ቡና እየጠጡ ፀሐይ ይሞቃሉ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እዚህ ፀሐይ ወጥታ ዝም ብሎ የሚያልፋት የለም። ከመሃላቸው ባና የተከናነቡ አንድ አባባ አሉ። ዓይናቸው ደክሟል። ጨዋነታቸው ግን ቅንጣት አልደከመም።

መዞር ጀመርኩ። ቀስ ብሎ ነው። ከግድግዳው ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ መደቡ። ከአባባ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን።

«ኖር!» አሉ ብድግ ብለው።

ምን ይባላል? «በእግዜር! በእግዜር! ይቀመጡ አባባ» ብዬ አንገቴን ዝቅ አደረግኩ። አንገቴ ድሮውንም ዝቅ ብሏል። አለፍኩ። አባባ ጉልበታቸውን ይዘው፣ እያቃሰቱ ተቀመጡ። ተደላድለው ሳይጨርሱ ዞሬ መጣሁ።

«ኖር!»

«በእግዜር!»

ዝም ብዬ ልለፍ እንዳልል መንዝ ነው ያደግኩት። ሽማግሌ ተነሥቶልህ አፍህን ዘግተህ ብታልፍ ወሬው ከአንተ ቀድሞ እናትህ ቤት ይገባል። ስለዚህ በየዙሩ እጅ ነሳሁ። በየዙሩ ተነሡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይንፈቀፈቃሉ።

«ኧረ ይቀመጡ አባባ፣ ያው እሱ እኮ ነው» አለች አንዷ።

«ማነው እሱ?»

«ዛፍ ቆራጩ።»

«ቅድም ያለፈውስ?»

«እሱም እሱ ነው።»

«ወንድማማቾች ናቸው?»

ኋላ ገመዱ ቆመ። ተመስገን ልል አፌን ስከፍት ሐሳቡን ቀየረና ወደ መጣበት ይጠመዘዝ ጀመር። አሁን በሌላ በኩል መግባት ጀመርኩ። አባባ ይሄን ጊዜ ተቆጡ። ያ ሁሉ እንግዳ ቡና ሳይቀምስ እየተመለሰ ነዋ! «አንቺ! ሰው እንዲህ በሩ ላይ ሲተራመስ ዝም ትያለሽ? ጀበናውን ድገሚው!» አሏቸው እትዬን። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ስኒ ተጨመረ። የእትዬ የልጅ ልጅ ታጥባ ደረደረችው። እኔ ደግሞ ሳልፍ እጄ ላይ የገብስ ቆሎ ዘገነችልኝ። ቆሎዬን ጨብጬ ወደ አጥሩ ዞርኩ። እየተሽከረከሩ ቆሎ መብላት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ግማሹ ፈሰሰ። ዶሮዎቹ ሰምተው መጡ። ከዚያ በኋላ ከላይ እኔ፣ ከታች እነሱ፣ አብረን እንዞራለን።

ስታነቡት ያስቃችሁ ይሆናል። ጭኔ ግን መደንዘዝ ጀምሮ ነበር። እግር ሳይንቀሳቀስ እንዲህ ሲንጠለጠል ደም እግር ላይ ይጠራቀማል፤ ከቆየ ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። በቶሎ መውረድ የግድ ነው። ረዳቴን ተጣራሁ። ከጎረቤት ጣራ ላይ የሚመጣው መልስ «ምስሉ መጣ? አልመጣም? አሁንስ?» የሚል ብቻ ነው።

ያወረዱኝ እትዬ ናቸው። ረከቦቱ ጋ ተቀምጠውበት የነበረውን በርጩማ አንሥተው፣ ዶሮዎቹን በእግራቸው ገፋ ገፋ አድርገው፣ ከሥሬ ሸጎጡልኝ።

«ለዚህች ነው?» አሉ ሁለቱን ስንዝር እያዩ።

ዘለበቱን ፈታሁ። እትዬ ሚካኤል ምሕረተኛ ባይሆን ኖሮ እስከ ማታ እዞር እንደነበር አስረዱኝ። ቡና ተቀዳልኝ። አባባ አጠገባቸው አስቀመጡኝና ግቢውን ቃኝተው ሲያበቁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ሌሎቹስ?»

«ሄዱ አባባ» አልኩ። ምን ብዬ ላስረዳ?

ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም ስገባ ሰው «ኖር» ሲለኝ ጭኔ ይነዝረኛል።

ወደ ጀርመኑ ልምጣ። ይሄ ሌላ ዓለም ነው። ወገቡ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ሁለቱን ጭን ለየብቻ ይይዛል። ከፊት አጭር ገመድ አለችው፤ እሷ ላይ ቀለበት ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ዋናው ገመድ እዚያ ላይ ስለሚያያዝ ቋጠሮህ ዓይንህ ሥር ነው። ወደ ጎን ስታዘነብል ቀለበቱ አብሮህ ይሄዳል፣ ወገብህን አይጠመዝዝህም። ግራና ቀኙ ላይ የምሰሶው ቀበቶ ያለው ዓይነት ቀለበትም አለው፤ ግንዱን አቅፈህ ትደገፍበታለህ። ተቀመጥኩበት። ቤቴ ውስጥ እንደዚህ የሚመች ወንበር የለኝም። አንድ ጣጣ ብቻ አለው። ልኩ የአክስቴ ልጅ እዚያ የሚያያቸው ሰዎች ልክ ነው። በዚህ ላይ ደብረ ብርሃን ደረሰልኝ፤ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ፣ ካፖርት ስጨምርበት ልክክ አለ። በጋ ሸዋ ሮቢት ሥራ ቢጠሩኝ ምን እንደምለብስ ግን እንጃ።

የወገቡን ቀበቶ ለወዳጄ መለስኩ። ባለ 2012ቱን ቆራርጬ ጣልኩት፤ ሰው አንሥቶ እንዳይጠቀምበት። ለሻጩ «በኛ አቆጣጠር ሞተ» ብዬ ደወልኩለት። ዘጋብኝ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ደንበኛ ነው። ማሰሪያውን ሲያዩ «ይሄ ሁሉ ለአንድ ቅርንጫፍ?» ይላሉ። አንዱማ «ወፍ ዋሻ ጫካ ጉሬዛው ያለ ምንም ቀበቶ ነው የሚወጣው» አለኝ። ጉሬዛ ሞተር መጋዝ ይዞ አይወጣማ! ሒሳብ ላይ ስንደርስ ደግሞ ግንዱ ለነሱ ማገዶ፣ ጭራሮው ለነሱ፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል እንኳ ለነሱ ምጣድ ነው። ለኔ የሚተርፈኝ ግቢ መጥረግ። ከዚያ «ቅርንጫፍ ብቻ እኮ ነው የቆረጥከው» ተብሎ ከተስማማንበት ይቀነሳል።

እትዬም ያው ናቸው። ቅርንጫፉን በጀርመኑ ተቀምጬ፣ የጣራቸውን ቆርቆሮ ሳልነካ፣ በገመድ ቀስ አድርጌ አወረድኩላቸው። ከመቀነታቸው ብር ፈትተው ሲቆጥሩ ከተባባልነው ጎድሏል። በርጩማውን ሊያነሡብኝ መሆኑ ገባኝ።

አባባ መደቡ ላይ ነበሩ።

«ተይ እንጂ!» አሉ ከባናቸው ውስጥ። «ያን ሁሉ ሰው ይዞ ለመጣ ይቺን ትሰጪዋለሽ? ለስንቱ ያካፍላት?»

እትዬ እኔን አዩኝ። እኔ ጣራውን አየሁ።

ጨመሩልኝ።