ፍሬኑ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር

ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የነሳኝ ድምፅ ትናንት ጠፋ። ዛሬ ጠዋት መኪናዋን አስነስቼ ኮፈኑን ከፈትኩና ቆሜ አዳመጥኩ። የለም።

መኪናችን የ1994 ሞዴል ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ነጠላ ጋቢና፣ 3ኤል የሚባለው ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያላት። አባቴ ሃያ ዓመት ነድቷታል። አሁን ጆሮው ስለደከመ መሪውን ለእኔ ለቀቀልኝ። ከደብረ ብርሃን ተነስቼ በጣርማ በር ወደ ሸዋሮቢት እወርዳለሁ፤ ሽንኩርት ጭኜ እመለሳለሁ።

በደብረ ብርሃን ብርድ የድሮ ናፍጣ ሞተር ሲነሳ ቢያንኳኳ አይገርምም። ናፍጣ የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ነው፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ጠንከር ብሎ ይመታል። ሞተሩ ሳይነሳ ውስጡን የሚያሞቀው የካንዴሌታው መብራት እስኪጠፋ ጠብቄ አስነሳለሁ፤ ትንሽ ያጉረመርምና ሲሞቅ ይለዝባል። ይሄኛው ግን ከሞቀም በኋላ አልለቀቀም። ከፊት በኩል፣ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ከተው እንደሚያንኮሻኩሹት። ካር ካር ካር። ነዳጅ ስሰጥ ይፈጥናል፣ ስተው ይዘገያል።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ሁለት ደቂቃ እንኳን አልሰሙም። "ቢዬላ ነው፤ ሞተሩ ይውረድ" አሉኝ። ቢዬላ ፒስተኑን ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ ነው። ሞተር ይውረድ ማለት ምን እንደሆነ መኪና ያለው ሰው ያውቀዋል። ለእኛ ቤት የዓመት ልፋት ነው። አሁን ስጽፈው እንኳን ያበሽቀኛል። እንዴት ሳይሰሙ ይፈርዳሉ?

ማታ ለአባቴ ጮክ ብዬ ነገርኩት። ምን ዓይነት ድምፅ ነው ብሎ አልጠየቀኝም። "መቼ ነው የሚመጣው?" አለኝ። ስትነሳ ብቻ ነው? ዳገት ላይ ይብሳል? ፍሪሲዮን ስትረግጪ ይቀየራል? ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ ብዙ ጊዜ የካምቢዮ ነው፤ ሞተር መበተን ምንም አይፈይድለትም። እኔ ግማሹን እንኳን አልመለስኩለትም። ሦስት ሳምንት ፈራሁ እንጂ ለካ አላዳመጥኩም።

በማግስቱ አንድ የድሮ ወዳጁ ጋ ላከኝ፣ ጡረታ የወጡ መካኒክ። ጋሼ መጀመሪያ የዘይቱን ልክ አዩ። ዝቅ ብሏል፤ ጠቁሮ ወፍሯል። ምንም አላሉኝም፣ ግን ፊቴ ሲቀላ ይሰማኝ ነበር። መቀየሪያው ካለፈ ቆይቷል።

ከዚያ በ17 ቁልፍ ነዳጅ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨውን የመጀመሪያውን ኖዝል ቱቦ ዳዶ ጨርቅ ሸፍነውበት ትንሽ ላላ አደረጉት። "እጅሽን እንዳታስጠጊ፣ ግፊቱ ቆዳ ይበሳል" አሉኝ። ያ ሲሊንደር ነዳጅ ሲያጣ ሞተሩ ተንገዳገደ። ድምፁ ግን እንዳለ ነው። ዳዶውን አጥብቀው ሁለተኛውን አላሉ፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ካር ካሩ ንቅንቅ አላለም። "ቢዬላ ቢሆን የራሱ ሲሊንደር ሲቆም ይቀንስ ነበር" አሉ። የቫልቭም አይደለም። የቫልቭ ድምፅ ቀለል ያለ ነው፤ ሞተሩ ሁለቴ ሲዞር አንዴ ነው የሚመታው።

ሞተሩን አጥፍተው ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን የሚያዞሩትን ቺንጋዎች ፈቱና አስነሱት። ጸጥ አለ! ማልቀስ ቃጣኝ። ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው ያስነሱት፤ ቺንጋ ከሌለ የውሃ ፓምፑም አይዞርም፣ ሞተሩ ይግላል።

"ፍሬንሽስ እንዴት ነው?" አሉኝ፣ ቺንጋውን እየመለሱ።

ደነገጥኩ። ባለፈው ሳምንት ጣርማ በርን ስወርድ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮብኝ ነበር። የፍሬን ሸራው አልቆ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ከድምፁ ጋር ይያያዛል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ የሚፈጥረው ክፍተት ለፍሬን ጉልበት ይሰጣል። የናፍጣው ያንን ስለማይፈጥር ለብቻው ቫኪዩም ፓምፕ ያስፈልገዋል። በዚህ ሞተር ላይ ደግሞ ፓምፑ ያለው ባትሪ ከሚሞላው ዲናሞ ጀርባ ነው፤ ከዲናሞው ጋር ይዞራል፣ የሚለሰልሰውም በሞተሩ ዘይት ነው።

ጋሼ ረጅም ካቻቢቴ አውጥተው ጫፉን ዲናሞው ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝ። ከፊት፣ ኩሽኔታው ጋ፣ ለስላሳ ማፏጨት ብቻ። ወደ ኋላ ሲያዞሩት ድምፁ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። እዚያው ነው።

ሲፈታ የፓምፑ ሆድ ውስጥ ትንንሽ ክንፎች አሉ፤ እየዞሩ ግድግዳውን የሚጠርጉ። አንዷ ጫፏ ተሸርፏል። ግድግዳው በጥፍር የሚዳሰስ ቧጨራ አለው። ዘይት የምታደርሰው ቀጭን ቱቦ በጥቁር ዝቃጭ ግማሽ ተዘግታለች። ያ ዝቃጭ የእኔ ነው። በየ5,000 ኪሎሜትሩ መቀየር የነበረበትን "ከዚህኛው ጭነት በኋላ" እያልኩ ያቆየሁት። ያንን ቁልቁለት ሽንኩርት ከጫኑ መኪኖች ጋር እየተጋፋሁ ስወርድ የከረምኩት በዚህ ፍሬን መሆኑን ሳስበው ይዘገንነኛል።

ፓምፑ ተቀየረ፣ ቱቦዋ ተጠረገች፣ ዘይቱ ተለወጠ። ሞተሩ ከቦታው አልተነሳም።

ቤት ስደርስ አባቴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። "አታጥፊያት" አለኝ በእጁ ምልክት። ቀርቦ መዳፉን ፓራፋንጎው ላይ አሳረፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ። እንዲህ እንደሚያዳምጣት አላውቅም ነበር። ነዳጅ ስጪ አለኝ፤ ሰጠሁ። ተዪ አለኝ፤ ተውኩ።

"ዲናሞው ጋ ነበር አይደል?" አለ።