አቦዬ እንባዬን መለሱልኝ

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ምስክርነት ልጽፍ ብዙ ጊዜ ተነሥቼ እያፈርኩ ትቼዋለሁ፤ ዕውር አልበራም፣ ሽባ አልተተረተረም። ለእኔ የተደረገልኝ ማልቀስ ነው።

እናቴ ያረፈችው እኔ ቤይሩት በሰው ቤት ስሠራ ነው። መርዶውን በስልክ ሰማሁ። ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። ማታ እንግዳ ስለነበረ ማዳም ፊቴ እንዳያብጥ አስጠነቀቀችኝ። እንባዬን ዋጥ አድርጌ መተኮሴን ቀጠልኩ፤ ከዚያ በኋላ ግን እምቢ አለኝ። አገሬ ስገባ ዘመድ ተሰብስቦ እንደ አዲስ ለቅሶ ተቀመጠ። አክስቶቼ ደረታቸውን ሲደቁ እኔ የነጠላዬን ጥለት አያለሁ። «ዓረብ አገር ልቧን አደነደነው» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልፈርድባቸውም። እንቅልፍ የለኝ፣ ጸሎት የለኝ፤ ውዳሴ ማርያሙን አፌ ያነበንበዋል እንጂ ልቤ አብሮኝ አልነበረም።

የንስሐ አባቴን ሳማክራቸው «ልጄ፣ እንባም የሚለመን ስጦታ ነው፤ ለምኚ» አሉኝ። ለመንኩ። ምንም።

በመጨረሻ አክስቴ እየጎተተች ዝቋላ፣ አቦዬ ገዳም (አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ) ወሰደችኝ። ለንግሥ አልነበረም፤ መጋቢት 5 ወይም ጥቅምት 5 የወጣ ሰው ያውቀዋል፣ ከሕዝቡ ብዛት መቆሚያም አይገኝ። እኛ የወጣነው ሕዝቡ ከወረደ በኋላ ነው። ዝቋላ ከቢሾፍቱ በስተደቡብ ለብቻው የቆመ፣ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ተራራ ነው፤ ድሮ እሳት ይተፋ የነበረው አናቱ ዛሬ ሐይቅ ይዟል። ዙሪያውን ጥዱና ኮሶው ከነጉሬዛው አለ። አባቶች ናቸው እስከ ዛሬ የጠበቁት። በ2004 ዓ.ም. ሲቃጠል ከአዲስ አበባ ሳይቀር ወጣቶች ሊያጠፉ የወጡት ለዚህ ደን ነው።

ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አንበሶችና ከ60 ነብሮች ጋር በበረሃ የኖሩ አባት ናቸው። በሥዕላቸው ላይ አንዲት ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ትታያለች። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሥዕል ነው። ያን ቀን ግን ፊቱ ቆሜ «አቦዬ፣ ለወፍ የተረፈ እንባ ለእኔ ይጥፋ?» አልኳቸው። ጸሎቴ ይኸው ነበር፤ ቁጣም ነበረበት።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ሐይቁ ብቻዬን ወረድኩ። ጭጋጉ ገና አልተነሣም። መንገዱ ዳር ዳማከሴ አየሁ። እናቴ ምች ሲመታን ከጓሮ ቀጥፋ በመዳፏ ታሸውና ግንባራችንን ትቀባን፣ ጭማቂውን በቡና ታጠጣን ነበር። ሳላስበው ቀጠፍኩና አሸሁት። አረንጓዴው ውኃ በጣቶቼ መሀል ወረደ፤ ሽታው ሲደርሰኝ ጉልበቴ ከዳኝ። እርጥቡ ሣር ላይ ዘፍ ብዬ «እማዬ!» አልኩ። ከላዬ የነበሩት ጉሬዛዎች ደንግጠው ከዛፍ ዛፍ እየዘለሉ ሸሹ።

አንድ ሸምገል ያሉ መነኩሴ ጄሪካን ይዘው ሲያልፉ ቆሙ።

«ማን ሞተብሽ?»

«እናቴ።»

«መቼ?»

«ቆይቷል አባቴ። ያለቀስኩት ግን ዛሬ ነው።»

ጄሪካናቸውን አስቀመጡና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው አንገታቸውን ደፍተው እስክጨርስ ጠበቁኝ። መርዶውን ከሰማሁ ጀምሮ ለቅሶ የደረሰኝ ሰው ያገኘሁ የመሰለኝ ያን ጊዜ ነው።

ሌሊቱን እንደ ሕፃን ተኛሁ። ጸሎቴም ተመለሰ፤ አሁን ውዳሴ ማርያም ስደግም መሀል ላይ የሚያቋርጠኝ እንባ ነው። አንዳንድ ወዳጆቼ «ቅጠሉ ትዝታሽን ቀስቅሶብሽ ነው» ይሉኛል። ይሁን። ግን ዳማከሴ እኮ እኛም ጓሮ አለ፤ ከተመለስኩ ጀምሮ በየቀኑ በአጠገቡ አልፍ ነበር። እኔ ለምኜ የተሰጠኝን አውቃለሁ።

በቅርቡ ከዱባይ የተመለሰች አንዲት ልጅ «እኔም እንባዬ ደርቋል» ብላኛለች፤ በጥቅምት ከንግሡ በኋላ አብረን እንወጣለን። አብራችሁን መውጣት የምትፈልጉ እህቶች ካላችሁ ጋቢ እንዳትረሱ፤ ዝቋላ ሌሊቱ ይበርዳል።