በጀልባ ሄዶ በመኪና መመለስ፦ የዘጌ ውሏችን

ታላቅ እህቴ ከባለቤቷና ከልጆቿ ጋር ጥር ላይ ወደ ባሕር ዳር ስትመጣ፣ በካሪቢያን ባሕር በክሩዝ መርከብ ያደረጉት ጉዞ ገና ከአፋቸው አልጠፋም ነበር። እንደ ነገረችኝ፣ መርከቡ ማለዳ አንዱ ደሴት ወደብ ላይ ይቆምና ወደ ማታ መልሕቁን አንሥቶ ወደሚቀጥለው ይጓዛል፤ በመካከሉ ያለው ቀን የተሳፋሪው ነው። አብዛኛው ሰው መርከቡ ራሱ ባዘጋጀው አውቶቡስ ወጥቶ የታወቁ ቦታዎችን ጎብኝቶ ይመለሳል፤ ጥቂቱ ግን ወደቡ አጠገብ መኪና ተከራይቶ ደሴቱን እንደ ፍላጎቱ ይዞራል። እነሱም ባርቤዶስ ላይ ይህን ሁለተኛውን መርጠው ነበር። በዚያ አገር መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነና ለጎብኚ የሚሰጥ ጊዜያዊ የመንጃ ፈቃድም ማውጣት ስለሚያስፈልግ መጀመሪያ ላይ ፈርተው እንደነበር ነግራኛለች። ከሁሉም በላይ ያሳሰባቸው ግን ሰዓቱ ነው፤ መርከቡ ባዘጋጀው ጉብኝት የወጣ ሰው ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል፣ በራሱ መኪና የወጣው ቢዘገይ ግን ጥሎት ይሄዳል።

ይህን ካጫወተችኝ በኋላ፣ «ጣና ላይስ እንዲህ ማድረግ አይቻልም?» አለችኝ።

ጥያቄው ደስ አሰኘኝ፤ ባሕር ዳር ተወልጄ አድጌ ጣናን እንዲህ አድርጎ ስለማየት ከእንግዶቼ ጋር ተነጋግሬ አላውቅም ነበርና። ሐይቁ ላይ ከ30 በላይ ደሴቶች ይገኛሉ፤ ሆኖም ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ እንጦስ፣ ወደ ጣና ቂርቆስ ወይም ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ መኪና የሚያደርስ መንገድ የለም። ክብራንና ዳጋ ደግሞ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ስለሆኑ እህቴንና ሁለቱን ሴት ልጆቿን ጀልባ ላይ አስቀምጦ መግባት አልወደድኩም። ዘጌ ግን ከእነዚህ ይለያል። እንግዳ ሁሉ በጀልባ ስለሚሄድበት ደሴት ይመስለዋል እንጂ፣ ከሐይቁ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ውኃው የገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው፤ በየብስ በኩልም አፋፍ በምትባለው ትንሽ ከተማ አድርጎ መኪና ይገባበታል። ስለዚህ በጠዋት በጀልባ ሄደን፣ ጀልባዋን እዚያው አሰናብተን፣ ከሰዓት በኋላ አፋፍ ላይ በሚጠብቀን የኪራይ መኪና ልንመለስ ወሰንን። ዘጌን በሚገባ ማየት የሚፈልግ ሰው ሁሉ እንደዚህ ቢያደርግ ይበጀዋል ብዬ ስለማምን ነው ይህን የምጽፈው።

የተለመደው አካሄድ ጀልባ ደርሶ መልስ መከራየት ነው። ጀልባዋ ወደቡ ላይ ታወርድና እዚያው ትጠብቃለች፤ እንግዳው ዳገቱን ወጥቶ ውራ ኪዳነ ምሕረትን ያያል፣ ጊዜ ከተረፈው አዝዋ ማርያምን ይጨምራል፣ ከዚያም ባለ ጀልባው ስልክ መደወል ይጀምራል። ባለ ጀልባውን በዚህ መውቀስ አይገባም። ጣና ጠዋት ላይ ረግቶ ይቆይና ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ይበረታል፤ ትንሽ ጀልባ ላይ ሕፃናትን አሳፍሮ በዚያ ሰዓት መመለስ የሚያስጨንቅ ነገር ነው። ችግሩ ግን በዚህ ጥድፊያ የተነሣ ከወደቡ ጀርባ ያለው ዘጌ ሳይታይ መቅረቱ ነው። ሐይቁ የሚመቸው ጠዋት ስለሆነ ጠዋቱን ለጀልባ፣ ነፋሱ የሚነሣበትን ከሰዓት በኋላውን ደግሞ ለመኪና መስጠት ተገቢ ሆኖ ይታየኛል።

አሁን ስለ መኪናው ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነውና። በእኛ ከተማ መኪና መከራየት ማለት በአብዛኛው ከነሾፌሩ መከራየት ማለት ነው፤ ለእንዲህ ያለ ቀን ደግሞ ይኸው ይመረጣል፣ ምክንያቱም መኪናው እኛ በሌለንበት ሌላ ቦታ ሄዶ ሊጠብቀን ይገባል። ደላላ ሳይገባበት ከባለ መኪናው ጋር ፊት ለፊት መነጋገር ዋጋውን ያቀላል፤ ጭቅጭቁንም ያስቀራል። ዋጋ ከመቁረጥ በፊት ነዳጁ በማን እንደሆነ፣ ባዶውን የሚሄድበት መንገድ በክፍያው ውስጥ መቆጠሩን፣ የመጠበቂያው ሰዓት እስከ ስንት እንደሆነና ከዚያ ቢያልፍ ምን እንደሚጨመር አንድ በአንድ መነጋገር ያስፈልጋል። እኛ የተስማማነው ቁርጥ ዋጋ ሆኖ ነዳጁ በባለ መኪናው ነበር፤ ቀብዱን በቴሌ ብር ልከን ቀሪውን ስንመለስ ከፈልን። ያገኘነው ሚኒባስ ሲሆን ሾፌሩ በዕድሜ የጠና፣ የዘጌን መንገድ ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው ነበር።

በዋዜማው ማታ መኪናውን ግቢያችን ድረስ ይዞት መጣ። «ጋሼ፣ ስኮርታ ጎማውን ቢያሳዩኝ?» ስለው ምንም ሳይከፋው የኋላውን በር ከፍቶ ጎማውን አወጣና ነፋሱ ሙሉ መሆኑን በእጁ መትቶ አሳየኝ፤ ክሪኩንና የጎማ መፍቻውንም ከመቀመጫው ሥር አውጥቶ መሬት ላይ ደረደራቸው። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ቦሎ የዓመቱ መሆኑን፣ በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ጊዜው አለማለፉንና መኪናው ለኪራይ ሥራ የተመዘገበ መሆኑን አየሁ። ይህን መጠየቅ እንደ ንቀት ይቆጠርብኛል ብሎ የሚያፍር ሰው አለ፤ ሥራውን የሚያከብር ሾፌር ግን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል እንጂ አይቀየምም። እሱም በተራው ከጀልባ የምንወርድበትን ሰዓት፣ ሕፃናት መኖራቸውንና ስንት ሆነን እንደምንመለስ ጠየቀን፤ ጫካው ውስጥ ስልክ ባይሠራ እንኳ እስከ 10 ሰዓት አፋፍ ላይ ከመኪናው እንደማይርቅ አረጋገጠልን። ይህ የመገናኛ ቦታና ሰዓት በቃል ብቻ መቅረት የለበትም፤ እኛ ወረቀት ላይ ጽፈን ተለዋወጥነው።

ጀልባውን ለአንድ መንገድ ብቻ ስንከራይ ዋጋው በግማሽ አልቀነሰም፤ ባዶዋን ስለምትመለስ ባለ ጀልባው ከደርሶ መልሱ ጥቂት ብቻ ነው የቀነሰልን። መኪናውም ባዶውን ስለሚሄድ የሁለቱ ወጪ ተደምሮ ከተለመደው ጉዞ ይበልጣል። ሁለት ቤተሰብ ቢጋራው ግን የሚከብድ አይደለም።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሣን። ሕይወት አድን ጃኬት ለሁሉም ሰው፣ ለሕፃናቱም በልካቸው፣ መኖሩን ሳያዩ አለመሳፈር ነው። ውኃው ተኝቶ ነበር፤ ክብራንንና እንጦስን አልፈን፣ ከደንገል በተሠሩ ታንኳዎቻቸው ላይ መረብ የሚያነሡ ዓሣ አጥማጆችን እያየን አንድ ሰዓት ገደማ ተጉዘን ዘጌ ደረስን።

ውራ ኪዳነ ምሕረት ከወደቡ ጥቂት ዳገት ያስወጣል። ክብ ሆኖ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲታይ ዝም ያለ ነው፤ ውስጥ ሲገቡ ግን የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። የሚጣደፍ እንግዳ ግድግዳውን አንዴ ዞሮ ይወጣል። ጀልባ የሚጠብቀን ስላልነበረ እኛ በላኤ ሰብእ ፊት ቆመን ቀረን። 78 ነፍስ በልቶ ለአንድ የተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ የሰጠው ሰው ታሪክ ነው። ሚዛኑ በአንድ በኩል የበደሉን ብዛት፣ በሌላው በኩል ያችን ውኃ ይዞ ተሥሏል፤ እመቤታችንም ጥላዋን ስታሳርፍበት ውኃው ያለበት ወገን ያጋድላል። የእህቴ ትንሿ ልጅ፣ «ውኃው እንዴት ከበደ?» ብላ ጠየቀች፤ ያስጎበኙን መሪጌታም ተቀምጠው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረኩላት። ለየገዳሙ የሚከፈለውን የመግቢያ ክፍያ ከፍሎ ደረሰኝ መቀበል፣ ነጠላ መያዝና በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ማድረግ እንደሚገባ ለአገር ሰው መንገር አያስፈልገኝም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ላለው ግን አስቀድሞ መንገር ይጠቅማል።

ከአዝዋ ማርያም በኋላ ጉዟችን በእግር ወደ አፋፍ ሆነ። ከሕፃናት ጋር በዝግታ ለሚሄድ ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድ የጫካ መንገድ ነው፤ የአካባቢውን ልጅ መንገድ መሪ አድርጎ መያዝ ይገባል። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ በልማድ የተከለከለ ነው። ሥርዓቱ የሚነገረው ገዳሙን ከመሠረቱት ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ተያይዞ ሲሆን፣ ሕዝቡ ሳያርስ የሚኖርበትን ቡና፣ ጌሾና ሎሚ እንዳገኘ በትውፊት ይተረካል። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ እኛ ባለፍንበት ወቅት በየደጁ ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ነበር፣ ከላይ የነበረው ገና ቀይ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ጠቁሮ የደረቀ። አንዲት እናት ጎንበስ ብለው በእጃቸው እያገላበጡ፣ «ግቡ፣ ቡና ጠጡ» አሉን። ገባን፤ እስከ ሦስተኛው ጠጣን። ሰዓት የያዘው ጀልባ ቢኖር ኖሮ ይህን ግብዣ እጅ ነሥተን እናልፈው ነበር።

አፋፍ ስንደርስ ሾፌራችን መኪናውን ዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ ጠበቀን። ምሳችንን አብረን በላንና ተነሣን። ይህን ሁሉ ድካም የሚያስረሳው ነገር የመጣውም ከዚህ በኋላ ነው። መኪናው ከአፋፍ ወጥቶ ጥቂት እንደ ሄደ ጫካው በድንገት አለቀና ሁለቱም ወገን የታረሰ መሬት ሆነ፤ የበቆሎና የዳጉሳ ገለባ የቀረበት ማሳ፣ ከብት የሚጠብቁ ልጆች፣ በመካከሉ አልፎ አልፎ የቀረ ዋርካ። እህቴ ሾፌሩን አስቆመችውና ወርደን ወደ ኋላ ተመለከትን። ሞፈር የማይገባበት ምድርና የሚታረሰው ምድር የሚለያዩበት ቦታ እንደዚያ ቁልጭ ብሎ ሲታይ፣ አንድ ልማድ ለዘመናት ሲጠበቅ በመሬት ላይ ምን እንደሚያደርግ ያለ አስረጂ ይገባል። በጀልባ የሚመለስ ሰው የዘጌን ደን ከውኃው ፊት ለፊት ብቻ ስለሚያየው ሐይቁ ዳር ሁሉ እንደዚያ ያለ ይመስለዋል። ሾፌራችንም፣ «እትዬ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ ከዚህም ወዲህ ዛፍ ነበር» አላት፤ ከዚያ እስከ ከተማ ድረስ የትኛው ጉብታ መቼ እንደተራቆተ፣ የትኛው ጫት እንደተተከለበት እያሳየን ሄደ።

መንገዱ ጠጠርና አቧራ ስላለው ፈጥኖ መንዳት አያስኬድም፤ ከአንድ ሰዓት ጥቂት አልፎ ከተማ ገባን። ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረሳችን እንዲያው አልነበረም፤ ከመነሣታችን በፊት የመንገዱን ሰላም አፋፍ ካሉ ሰዎች በስልክ አጣርተን፣ ምንም ቢሆን ከ11 ሰዓት በፊት እንድንገባ ከሾፌሩ ጋር ተስማምተን ነበር።

መኪናው እጃችን ላይ እያለ በዚያው ቀን ጢስ ዐባይንም እንይ የሚል ሐሳብ ከእህቴ ባል መጥቶ ነበር። እኔ አልደገፍኩትም። ዘጌ ከከተማው ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ጢስ ዐባይ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ያጣመረ ሰው ሁለቱንም ሳያይ ይመለሳል። ከዚህም በላይ ውኃው ለኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ፏፏቴው እንደ ስሙ አይደለም፤ ግርማው የሚታየው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። በምትኩ የቀረንን ብርሃን በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲሱን የዐባይ ድልድይ ለማሳየት ተጠቀምንበት፤ ከተማዋን ለቅቆ ለቆየ ሰው ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

በክረምት ይህን ጉዞ ለሚያስብ ሰው የምለው ጥቂት ነው። ዝናቡ ሲበረታ መንገዱ ላይ ጭቃ ሊይዝ ስለሚችል ከሚኒባስ ይልቅ ከፍ ያለ መኪና መያዝ፣ በዋዜማው ከአፋፍ ሰው ደውሎ መጠየቅና ጀልባውንም ደርሶ መልስ አድርጎ መዋዋል ይሻላል፤ መንገዱ ከተዘጋ በመጡበት ውኃ መመለስ ይቻላልና። ቡናው ሲለቀምና ሲሰጣ ማየት የሚፈልግ ግን ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይሂድ።