10ኛ ክፍል ላይ የሰጠሁት ማርክ የሌለው ፈተና

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር አራት ኪሎ አካባቢ ያለን መምህራን ሌላ ወሬ የለንም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ደስ ይላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። እነዚህ ልጆች ገና ዝግጁ አለመሆናቸውን ማወቅ የነበረብን መቼ ነው?

አሁን ባለው አሠራር ተማሪው 6ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ይፈተናል። ከዚያ እስከ 12ኛ ድረስ ከገዛ ትምህርት ቤቱ ውጪ የሚመዝነው የለም። ድሮ 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና ነበር፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል። ይመለስ አልልም። ስንቱን ልጅ ገና በለጋ ዕድሜው ከመንገድ ያስቀረ ፈተና ነው። ግን በቦታው የተተካ ነገር የለም። በነዚህ ዓመታት በእጃችን ያለው መረጃ ካርድ ብቻ ነው። ካርድ ላይ ደግሞ የቤት ሥራው፣ ወርክሺቱ፣ የግሩፕ ሥራው፣ አንዳንዴም ኩረጃው ተደምሮ ነው የሚመጣው።

የማስተምረው ሒሳብ ነው። ከአንድ የእንግሊዝኛና ከአንድ የባዮሎጂ መምህር ጋር ሆነን የራሳችንን መመዘኛ አዘጋጀን። ጊዜውን አስበንበታል። 10ኛ ክፍል፣ የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መጀመሪያ ላይ። 11ኛ ሲገቡ ናቹራል ወይም ሶሻል ይመርጣሉ፤ ከምርጫው በፊት ራሳቸውን ይዩ ብለን ነው። ደግሞም የጎደለው ቢገኝ ለመሙላት ሁለት ዓመት ተኩል ይቀራል።

ሐሳቡ የኛ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የግዛቲቱ ትልቅ የዩኒቨርሲቲ ሥርዓት የሚቀበላቸው ብዙ ተማሪዎች በእንግሊዝኛና በሒሳብ ማካካሻ ትምህርት እየፈለጉ ተቸገረ። ስለዚህ በአውሮፓውያኑ 2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ የዝግጁነት መመዘኛውን ወደ 11ኛ ክፍል አወረዱት። ውጤቱ ልጁ ለኮሌጅ ዝግጁ መሆን አለመሆኑን ይነግረዋል፤ 12ኛ ክፍልን የጎደለውን ለመሙላት ይጠቀምበታል። እኛ ጋ ሬሚዲያል፣ 12ኛ ላይ ማለፊያ ላላመጡ የሚሰጠው ማካካሻ ትምህርት፣ በ2015 ሲጀመር ጥሩ ነገር ነው ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። ግን ጥገናው የሚጀምረው ልጁ ከወደቀ በኋላ ነው። የኔ ጭንቀት እዚያ ላይ ነው።

ፈተናው ሦስት ክፍል ነበረው። የሒሳቡን ክፍል ሳወጣ ከ9ኛ ክፍል በላይ ያለ አንድም ጥያቄ አልጨመርኩም። አብዛኛው የ7ኛና የ8ኛ ነው። ምርጫም የለውም። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ካለ ዝም ብሎ የሚያጠቁር ልጅ እንኳ ከአራቱ አንዱን ይመታል። ሥራውን ማየት ነበር የፈለግኩት።

አየሁም። ከሦስት አራተኛ ላይ ሁለት ሦስተኛ ሲቀነስ ስንት ይቀራል? ብዙዎቹ 1 ብለው መለሱ። ሦስት ሲቀነስ ሁለት አንድ፣ አራት ሲቀነስ ሦስት አንድ፣ አንድ ለአንድ ሲካፈል አንድ። ሌላው ጥያቄ ደግሞ ይኸውላችሁ። አንድ ጫማ 20 በመቶ ቅናሽ ተደርጎበት 800 ብር ተሸጠ፤ ከቅናሹ በፊት ስንት ነበር? 960 የሚል መልስ በወረቀት ላይ ወረቀት እየተከታተለ መጣ። የ800ን 20 በመቶ አውጥተው መልሰው ደመሩት። እነዚህ ልጆች ክፍል ውስጥ ኳድራቲክ ኢኩዌሽን በፎርሙላ ይሠራሉ። ፎርሙላው ተሸምድዷል፤ ከሥሩ ያለው ክፍልፋይና መቶኛ ግን አልያዘም። 12ኛ ክፍል ላይ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ሲያስቸግራቸው እኛ ፊዚክሱን ደጋግመን እናስጠናለን። ችግሩ ያለው 7ኛ ክፍል ነው።

ሁለተኛው ክፍል ንባብ ነው። ከሁሉም የበለጠ ያስተማረኝም እሱ ነው። ከ11ኛ ክፍል ባዮሎጂ መጽሐፍ አንድ ገጽ ሰጠናቸው። ጥያቄዎቹን መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ ገጹን ሰብስበን በሌላ ወረቀት ላይ በአማርኛ እንዲመልሱ አደረግን። አንዳንዶቹ በአማርኛ ጥርት አድርገው አስረዱ፤ እንግሊዝኛው ግን ተሰባበረባቸው። እነዚህ ገብቷቸዋል፤ የሚቸግራቸው መጻፉ ነው። አንዳንዶቹ በሁለቱም አልቻሉም። ሦስተኞቹ ግን አስደነገጡኝ። እንግሊዝኛው መልሳቸው ትክክል ነው፤ አማርኛው ባዶ ነው። ከጥያቄው ጋር የሚመሳሰል ቃል ያለበትን ዓረፍተ ነገር ፈልገው እንዳለ ገልብጠውታል። ምን እንደሚል አያውቁም። እንዲህ ዓይነቱን መልስ ስንት ዓመት ራይት ስናደርግ ኖረናል! ሁለተኛ ደረጃ ላይ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጁ ግን ሳያነብ መልስ ማግኘት ተምሯል።

ሦስተኛው አጭር ነው። የባዮሎጂው መምህር ሰሌዳ ላይ ምንም ሳይጽፍ ሃያ ደቂቃ ያህል በእንግሊዝኛ አስተማረ። በሳምንቱ የራሳቸውን ማስታወሻ ብቻ ይዘው ጥያቄ መለሱ። ብዙ ደብተር ላይ የነበረው ቀንና ርዕስ ነው። «ቲቸር፣ ኖት አልሰጡንም እኮ!» አሉት። ልክ ናቸው፤ ከሰሌዳ መገልበጥ ነው ያስለመድናቸው። ዩኒቨርሲቲ ግን ሌክቸረሩ ስላይዱን አሳይቶ፣ ተናግሮ ይወጣል።

ፈተናውን ስናስታውቅ የመጡት የመጀመሪያ ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። «ከስንት ነው የሚያዘው?» እና «ደረጃ ይወጣበታል?» አይያዝም፣ ደረጃም የለውም አልን። ማርክ ቢኖረው ኖሮ ይኮራረጁ ነበር፤ እኛም የጎረቤቱን ዕውቀት መዝነን እንቀር ነበር። ወረቀቱ ላይ በስም ፈንታ ኮድ ጻፉ። ውጤቱንም በቁጥር አልመለስንም። «ክፍልፋይ ላይ ሥራ ይቀርሃል፣ ንባብህ ደህና ነው» ዓይነት ሁለት ሦስት መስመር ጻፍን። በዚያው ሳምንት ነው የመለስነው። ይህ በጣም አስፈላጊ ነው፤ ከወር በኋላ የሚመለስ ወረቀት ማን ያየዋል?

ከወላጆች ጋር የነበረው ውይይት ከባድ ነበር። አንድ ነጋዴ አባት መጥተው «መምህር፣ ልጄ ከክፍሉ ሦስተኛ ነው የወጣው። ዘንድሮ ምን ነካው?» አሉኝ። ምንም አላስረዳሁም። የልጁን ወረቀት አውጥቼ የጫማውን ጥያቄ አነበብኩላቸው። እርሳስ እንኳ ሳያነሱ «አንድ ሺህ ነዋ!» አሉ። ከዚያ የልጃቸውን 960 አዩ። ብዙ ዝም አሉ። በኋላ ልጁ እንደነገረኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ እየወሰዱ ቅናሽና ትርፍ ያሠሩታል።

ሌላ ችግር ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ውስጥ መጣ። በውጤቱ መሠረት ሴክሽን እንደልድል፣ ጎበዞቹን ለብቻ እናድርጋቸው የሚል ሐሳብ ተነሳ። አጥብቄ ተቃወምኩ። ይህ መመዘኛ ልጁ ምን እንደጎደለው ይናገራል እንጂ ወደፊት ምን እንደሚሆን አይናገርም። ልጆቹ ለመለየት እንደሚያገለግል ካወቁ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ጉድለታቸውን ይደብቁናል። የናቹራልና ሶሻሉንም ምርጫ በዚህ ወረቀት ማንም እንዲከለከል አልፈለግኩም። ሜዲስን የምትመኝ አንዲት ተማሪ ሒሳቡ በጣም ደክሟት ነበር፤ ንባቧ ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ናቹራል ገባች፤ መቶኛና ክፍልፋዩን ክረምቱን ሙሉ ሠራችበት።

ማካካሻውን ያደራጀነው በጉድለት ነው። ክፍልፋይ የሚጎድለው ሁሉ አንድ ላይ፣ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣውም ቢሆን። ይህ እፍረቱን አቀለለው። ለንባብ ያስለመድናቸው ቀላል ነገር ነው። በቀን አንድ ገጽ አንብብ፣ መጽሐፉን ዝጋ፣ ለጓደኛህ በአማርኛ ንገረው፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍ። የተወሰኑት ይህን የሚሠሩት ከትምህርት በኋላ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄደው ነው። ንገረው የሚለውን ደጅ ወጥተው ይጨርሱታል።

11ኛ ሲገቡ ቁጥሩንና ገጹን ለውጠን ደግመን ፈተንናቸው። ክፍልፋይና መቶኛ ቶሎ ተስተካክሏል፤ የ7ኛ ክፍል ጉድለት በ16 ዓመት ልጅ ጭንቅላት ለመሙላት ከባድ አይደለም። ማስታወሻ መያዙም ተሻሽሏል። ንባቡ ግን ቀርፋፋ ነው። ከገልባጮቹ አንዳንዶቹ አሁንም ይገለብጣሉ። ለእነሱ አንድ መንፈቅ ዓመት አይበቃም።

ስለዚህ ዘንድሮ የንባቡን ክፍል ብቻ ወደ 9ኛ ክፍል ልናወርደው ነው። ከ2016 ጀምሮ የተወሰኑ ተማሪዎች ብሔራዊ ፈተናውን በኮምፒውተር ስለሚወስዱ አንዱን ገጽ ከስክሪን ላይ እንዲያነቡ እናደርጋለን። የእንግሊዝኛው ባልደረባዬ ገጾቹን እየመረጠ ነው። የአማርኛው መምህርም የተማሪዎቹን የአማርኛ መልስ አብሮን ለማረም ተስማምቷል።