ከአድዋ መርዶ በስንት ቀን ይደርሳል?

ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ደብሮኛል። ምክንያቱን እንጃ፣ ምናልባት የደብረ ማርቆስ ነፋስ ነው፣ ጥር ሲያልቅ እንዲህ አቧራውን እያነሳ በር ሲደበድብ ይውላል። መብራትም የለም። የስልኬ ባትሪ ሳያልቅ የአዲስ አበባውን ጉዞ ነገር ልጨርስ ብዬ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዤ ተቀመጥኩ።

እንደምታውቁት አባባን የአድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየምን አሳይሃለሁ ካልኩት ቆየሁ። በየካቲት 2016 ሲመረቅ በቴሌቪዥን ካየ ጀምሮ አልተወኝም። ያኔ መንገዱም ልባችንም አልተመቸም። ዘንድሮ መንገዱ ሰላም ከሆነ የካቲት 23 አልፎ በሳምንቱ እንሂድ ተባባልን፣ በዓሉ ዕለትማ ፒያሳ ግፊያ ነው፣ በሱ ጉልበት አይቻልም። ከማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት መነሳት፣ ደጀን ቁርስ፣ ከዛ አባይ በረሃ፣ እማዬ ቁልቁለቱ ላይ ስለሚያዞራት ሎሚ መያዝ። ማደሪያ መ. ጋ። በነጋታው መጀመሪያ አራዳ ጊዮርጊስን መሳለም፣ እዚህ ላይ አባባ ድርድር የለውም፣ ታቦቱ አድዋ ዘምቷል ውጊያውም በራሱ ቀን በ23 ነው የተደረገው። ከዛ የምኒልክ ሐውልት፣ ከዛ ሙዚየሙ እዛው አጠገብ ነው። በስንት ሰዓት እንደሚከፈት መ. ደርሳ ትጠይቅልኛለች፣ አስጎብኚም ካለ ቀስ ብሎ የሚያስረዳ ሰው ብናገኝ፣ አባባ ጥያቄ ያበዛል።

ይሄን እየጻፍኩ እሱ ከመደቡ ላይ ሆኖ «ለመሆኑ የኛ ሰው አለበት ወይ?» አለኝ።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጎጃምን ይዘው ዘምተው የለ እንዴ አልኩት። የሳቸው ነገር ሁሌም ይገርመኛል፣ በ1874 እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው፣ ተሸንፈው፣ ቆስለው፣ ተማርከው፣ ከ14 ዓመት በኋላ ከማረካቸው ሰው ጎን ሆነው ጣልያንን ገጠሙ። ሀገሬው ደግሞ ከክፉ ቀን ገና መውጣቱ ነበር፣ ከብቱ አልቆ በዶማ ሲቆፍር የከረመ ገበሬ ነው ስንቁን ተሸክሞ የሄደው። አባባ አቋረጠኝ። «እሳቸውንማ ማን ይረሳል፣ የኛን ሰው ነው ያልኩሽ።»

የኛ ሰው ማለት አራተኛው ነው። አባባ ሰባት ቤት ሲቆጥር ከራሱ ይጀምርና አባቱን፣ አያቱን ይልና አራተኛው ላይ ሲደርስ ከስሙ ቀጥሎ «አድዋ የቀረው» ይላል። ሌላ ነገር የለም። መቃብር የለም፣ ጠመንጃ የለም፣ ፎቶማ ከየት ይመጣል፣ ይቺው ሁለት ቃል ብቻ ከአባት ወደ ልጅ እየወረደች እኛ ጋ ደርሳለች። ልጁ፣ የአባባ አያት ማለት ነው፣ ያኔ ገና የሚድህ ልጅ ነበር አሉ።

እኔ ግን ዛሬ ድንገት ስለ እናቱ አሰብኩ። ቆጠራው በወንድ ስለሆነ ስሟን የሚያውቅ የለም። ያቺ ሴት መቼ ተረዳች? ማን ነገራት?

ይሄ ነገር ከየት እንደመጣብኝ አውቀዋለሁ፣ ከእቴቴ ነው። እቴቴ አዲስ አበባ ያረፈች ጊዜ ስልክም መንገድም ተቋርጦ ነበር፣ እኛ በ19ኛው ቀን ነው የሰማነው፣ በእግርም በመኪናም ተቆራርጦ በመጣ ሰው። ሊነጋጋ ሲል አጥር ላይ ሳል ሰማን፣ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል፣ እንዲህ ቆሞ የሚመጣ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ ማንም አያጣውም። አባባ ቤተክርስቲያን ሊሄድ ጫማ እያደረገ ነበር። አንዱን አድርጎ ሌላውን በእጁ እንደያዘ ተቀመጠ፣ ቤቱ በለቅሶ ተናውጦ፣ ሰው ሞልቶ፣ ድንኳን እየተተከለ፣ እሱ እስከ እኩለ ቀን ያቺን አንድ ጫማ አልለቀቃትም። ኋላ ላይ ነው ምን እንዳለ የገባኝ። «አስራ ስምንት ቀን ሙሉ ደህና ናት እያልኩ በላሁ ጠጣሁ» አለ።

ባትሪው ሊያልቅ ምንም አልቀረው፣ እኔ ደግሞ ሎሚና ደጀን ከጻፍኩበት ወረቀት ጀርባ የባሕረ ሐሳብ ስሌት ይዣለሁ። በ1888 የካቲት 23 እሁድ ነበር፣ ሁዳዴ ጾም ውስጥ። ፋሲካው መጋቢት 28 ዋለ። ማለት ባሏ በሞተ በ35ኛው ቀን ነው ጾም የፈታችው። የሚታረድ ካላት አርዳ፣ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ለሱም «በሰላም ያግባህ» ብላ ይሆናል። አርባው የዋለው እዛው ፋሲካው ሳምንት ውስጥ ነው፣ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ እንኳን አደረሰሽ ሲላት። ምኒልክ ራሳቸው እንኳ ከዘመቻው አዲስ አበባ የገቡት ግንቦት ላይ ነው፣ እና የጎጃም ዘማች ተከዜንና አባይን ተሻግሮ፣ ቁስለኛውን በወሳንሳ ይዞ፣ መቼ ቀዬው ገባ? የዘመተ ሁሉ አንድ ቀን አይገባም፣ ዛሬ የእገሌ ባል መጣ፣ ነገ የእገሌ ወንድም ገባ፣ እሷ ልጁን አዝላ መንገድ እያየች። አብሮት የዘመተ ጎረቤት ቤቷን ላለማለፍ በሌላ መንገድ ዞሮ ገብቶ ይሆን? እርሻው ደርሶ ዘር የሚዘራበት ጊዜ እየመጣ ነው። ማን አረሰላት?

ሙዚየሙ ውስጥ የጦር መሪዎቹን እናያለን፣ ማየትም አለብን፣ አባባ እነሱ ፊት ቆሞ ሲያለቅስ አሁን ይታየኛል። እኔ ግን እዛ ገብቼ የምፈልገው የመርዶውን መንገድ ይመስለኛል።

ይሄን ሁሉ ጮክ ብዬ ነገርኩት። ጨለማው ውስጥ ብዙ ዝም አለ፣ እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ነበር። ከዛ «ታዲያ ተዝካሩን ከየትኛው ቀን ቆጥራ አወጣችው? ከሞተበት ነው ከተረዳችበት?» አለኝ።

እኛ ለእቴቴ ከተረዳንበት ነው የቆጠርነው። ልክ ነበርን?